ለጀማሪ የሚሆን ማጠንጠኛ

የእህቴ የሄዘር እጮኛ ኬልቪን ከሌስተር ነው የመጣው፤ ባሕር በሌለበት ያደገ ሰው ነው። እራት ላይ ዓሣ ማጥመድ መማር እንደሚፈልግ ሲናገር አባቴ ሹካውን አስቀመጠ።

«እሑድ ይዤህ እሄዳለሁ» አለው።

እኔን ለመውሰድ ሰባት ዓመት እስኪሞላኝ ጠብቆ ነበር። ባሕር ውስጥ ዘልቆ በገባው በክሮመር ድልድይ ጫፍ ላይ ከጎኑ ስቆም ይኸው አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ኮሌጅ እያለሁም ለእሑድ ብዬ ከኖሪች እመለስ ነበር። አባቴ ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነው፤ የሚያወራኝ እዚያ ብቻ ነው።

«ሮሪ፣ የክር ማጠንጠኛውን አንተ ምረጥለት» አለኝ። «የማጥመጃ ዘንጉን እኔ አውሰዋለሁ።»

ቅዳሜ ከኬልቪን ጋር ሱቅ ሄድን። ለጀማሪ የሚሆነውን እዚህ አገር ማንም ያውቀዋል፤ ክሩ የተጠቀለለበት ቀሰም ባለበት ቆሞ ክሩን የሚለቀው፣ ጨው ቶሎ የማይበላው፣ መጠኑ መካከለኛ የሆነው ነው። አወራወርህ ቢበላሽም ይታገሥሃል። ሌላው ዓይነት ግን ቀሰሙ ራሱ ይሽከረከራል። በአውራ ጣት እየዳሰስክ ካልገታኸው ክሩ ጫፍ ላይ ለክብደት የታሰረው እርሳስ ውሃ ላይ ካረፈ በኋላም መዞሩን አይተውም፤ ክሩም ይተራመሳል። እኔ እሱን ለመልመድ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል።

ኬልቪን የመጀመሪያውን አነሳ። «ይሄ አይሻልም? አባባም እንዲህ ዓይነቱን ሲሉ የሰማኋቸው መሰለኝ።»

አባባ። ገና ሳይጋቡ።

«እሱ የልጅ ነው» አልኩት። «ይሄኛው ሩቅ ይወረውራል። ጎበዞቹ የሚይዙት ይሄን ነው።»

ውሸት አልነበረም። ለዚህም ነው ለመናገር ያልከበደኝ።

እሑድ ነፋሱ ከፊት ለፊት ነበር። ኬልቪን ዘንጉን ከትከሻው በላይ አዙሮ በሙሉ ጉልበቱ ወረወረ። እርሳሱ እግራችን ሥር ማለት ይቻላል ጠብ አለ። ቀሰሙ ግን እያፏጨ ዞረ፤ ክሩም እንደ ተነጨ ጠጉር ተንጨባረረ።

የአባቴ ጓደኛ ኤድዊን «እሰይ፣ ክረምት ሳይገባ ሹራብ ልትሠራልን ነው?» አለው። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አባቴ በኬልቪን ተሰላችቶ ወደ እኔ እንዲዞር ነበር የጠበቅሁት።

አባቴ ግን የራሱን ዘንግ የድልድዩ አጥር ብረት ላይ አስደግፎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ኬልቪንን «ና ልጄ፣ አጠገቤ ቁጭ በል። ውሉን እንፈልገው።»

ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ከሰዓቱን ሙሉ ክር ሲፈቱ ዋሉ። አባቴ በልጅነቱ የአባቱን ክር አተራምሶ እንዴት ቤት ለመግባት እንደ ፈራ ሲያወራለት ሰማሁ። ያንን ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም። በዚህ መሃል ትልቅ ዓሣ ያዘልኝ።

«አባዬ፣ መረቡን» አልኩ።

«ኤድዊን ያቀብልህ» አለ፣ ቀና ሳይል። ቀጥሎ ኬልቪንን «ይሄን ማነው የመረጠልህ?» ሲለው ሰማሁ።

«ሮሪ ነው። ጎበዞች የሚይዙት ነው ብሎኝ።»

አባቴ ያኔ አየኝ። አልተቆጣም። «አንተ ስትጀምር የትኛውን ሰጠሁህ?»

«ቆሞ የሚለቀውን።»

ራሱን ነቅንቆ ወደ ክሩ ተመለሰ።

ዓሣውን ለኤድዊን ትቼ ድልድዩን ወደ ኋላ ሄድኩት። ሱቁ ሊዘጋ ሲል ደረስኩ፤ ያንን የልጅ ያልኩትን ገዛሁ። ስመለስ ኬልቪን እኔ በምቆምበት ቦታ ቆሟል። የአባቴ እጅ ክርኑ ላይ ነው። ማጠንጠኛውን ዘንጉ ላይ ገጠምኩለትና «ዋሽቼህ ሳይሆን ቀንቼብህ ነው» አልኩት።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ፣ ፈገግ ብሎ።

ከእሱ ወዲያ ማዶ ቆምኩ። ወረወረ፤ እርሳሱ ቀጥ ብሎ ሩቅ ሄደ።

«አየኸው?» አለኝ አባቴ፣ ዓይኑን ከኬልቪን ክር ሳያነሳ።

«አየሁት» አልኩ።