ሰባት ቤት

እኛ አገር በሬ ሲገዛ ጥርሱ ይታያል፣ ልጅ ስትዳር ዘሯ ይቆጠራል። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም። በሬውስ ዕድለኛ ነው፣ ቶሎ ይገላገላል።

እፀገነት የሸክላ ሠሪዋ የፀሐይነሽ ልጅ ናት። ቢቸና ገበያ የፀሐይነሽን ድስት የማይገዛ የለም፤ ቤቱ አስገብቶ የሚያስቀምጣት ግን የለም። በእሷ ድስት የተሠራውን ወጥ እየበሉ «ቡዳ ናት» ይሏታል። ልጅቱ ይህን እያየች አደገች። ተማረች፣ ሞጣ የሒሳብ ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች፤ እዚያ የእናቷን ስም ለማንም አንስታ አታውቅም። ይታያል የሚባለው የሞጣው የመሪጌታ ሽታሁን የወንድም ልጅ ሲወዳትም «የወይዘሮ ፈንታነሽ ልጅ ነኝ» አለችው።

ወይዘሮ ፈንታነሽ በተማሪነቷ ያስጠጓት የቢቸና ባለጸጋ ናቸው። እናት ሁኑኝ ብትላቸው እሺ አሉ፤ ደግ ናቸው፣ ድግስም ይወዳሉ። ለእውነተኛዋ እናት የነገረቻት እፀገነት ራሷ ናት።

«ሽማግሌ የሚመጣ ቀን ከተማ እንዳትወጪ።»

ፀሐይነሽ ጭቃዋን እያሸች «በኔ ምክንያት አንቺ አትቅሪ» አለች። እኔ ብሆን በጥፊ ነበር የምላት።

ሽማግሌዎቹ ከሞጣ መጡ። ይታያልም ዘመኑ ነው ብሎ አብሯቸው መጣ። እፀገነት ጠላ ቀዳች፣ ወይዘሮ ፈንታነሽ የራሳቸውን ዘር መቁጠር ጀመሩ። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ፊታውራሪ ውበቴ ላይ ሲደርሱ መሪጌታ ሽታሁን እጃቸውን አነሡ።

«ይብቃዎ እመቤቴ። ፊታውራሪ ውበቴማ የኛም ናቸው። እነዚህ ልጆች እኅትና ወንድም ናቸው፤ ይህ ነገር እዚሁ ይቅር።»

እፀገነት ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እንድታገባው የተዋሰችው ዘር እንዳታገባው ከለከላት። እውነቱን ብትናገር ዝምድናው ይፈርሳል። ይታያል ይወደኛል፣ አለች በልቧ፤ የወደደ ሰው ሸክላ አይፈራም።

«ዘመድ አይደለንም» አለች። «እኔ የፀሐይነሽ ልጅ ነኝ። የሸክላ ሠሪዋ።»

ወይዘሮ ፈንታነሽ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። መሪጌታ ሽታሁን እሷ የቀዳችላቸውን ብርጭቆ ሳይቀምሱ በጣታቸው ገፋ አደረጉት። እሷ ግን የምታየው ይታያልን ብቻ ነበር። እሱ ቀና ብሎም አላያት።

«ዘመድ ብንሆን ይሻለኝ ነበር» አለ።

እናቷ ቤት የደረሰችው እያለቀሰች ነው። ፀሐይነሽ ከጭቃው ላይ ቀና አለች።

«ተቆጠረ?»

«ተቆጠረ።»

«የማን?»

«ያንቺ።»

ደስ አላት ብላችሁ እንዳታስቡ። በጭቃ እጇ ደረቷን መታች።

«ምነው ምላስሽን በቆረጠው! ዘመድ ናችሁ ተብሎ ቢቀር ሌላ ታገቢ አልነበር? ይኸው ሞጣ ሁሉ አወቀሽ!»

«ሌላውም መቁጠሩ አይቀርም፣ እማ። ሽማግሌ በመጣ ቁጥር ስክድሽ ልኖር ነው?»

ፀሐይነሽ ተነሥታ ጓዳ ገባች፣ ሰሞኑን ከተኮሰችው ሸክላ አንዲት ትንሽ ዋንጫ አውጥታ በቀሚሷ ጠረገቻት። ከዚያ ልጇ እጅ ላይ አስቀመጠችላት።

«ሰኞ ቢሮ ስትገቢ ይዘሻት ሂጂ» አለች። «ከእንግዲህ በነሱ ብርጭቆ አያጠጡሽም።»