የጾም ቢላዋ

የሚስ ላንን ሳንድዊች ያልቀመሰ ሰው ስለ ዳቦ ባያወራኝ ደስ ይለኛል። ቤቷ እኛ ከምንኖርባቸው ከስካይላይን ፎቆች ማዶ፣ ልብስ ማጠቢያው ላውንደሪ አጠገብ ያለች ጠባብ ምግብ ቤት ናት። ሚስ ላን ቬትናማዊት ናት፤ ዳቦውን ራሷ ትጋግራለች፣ ስትቆርጠው ኩርሽም ሲል በሩ ድረስ ይሰማል። እኔ ኡበር ስነዳ እውልና ምሳዬ እዚያ ነው። እጇ ይባረክ።

አማቴ እትዬ ሸዋረገድ ግን ደጇን ረግጠው አያውቁም። ሚስ ላን የአሳማ ሥጋም ስለምትሸጥ፣ አሳማ በተቆረጠበት ቢላዋ የተቆረጠ ነገር በአፌ አይዞርም ብለው ዘግተዋል። እንኳን በሁዳዴ፣ በፍስኩም።

ያን ዕለት፣ በሁዳዴ፣ የስኳር ሐኪማቸው ዘንድ ወስጃቸው ከሲልቨር ስፕሪንግ ስንመለስ፣ ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ ትራፊኩ ገትሮ ያዘን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ብለው እህል አልቀመሱም፤ መድኃኒቱን ግን ውጠዋል። እንዲህ ያለ ግትር ሰው አይቼ አላውቅም! ዘጠኝም አለፈ። ሰፈር ስንደርስ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቃቸው። መኪና ውስጥ የነበረውን ጁስ አጠጣኋቸው። ሐኪሙ ደግሞ ከጁሱ በኋላ ቶሎ እህል ካልቀመሱ ስኳሩ ተመልሶ ይወርዳል ብሎኛል። ፓርኪንግ ፈልጌ፣ ሊፍት ጠብቄ፣ ምግብ አሙቄ እስክሰጣቸው ቢወድቁብኝስ? ሚስቴን ምን እላታለሁ? ደግፌ ሚስ ላን ቤት አስገባኋቸው።

መቀመጡንስ ተቀመጡ፣ ፊታቸውን ግን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ለሚስ ላን ጾመኛ መሆናቸውን፣ አሳማም እንደሚጸየፉ ነገርኳት። ጓንቷን አውልቃ ጣለች፣ እጇን ታጠበች፣ ከላይኛው መደርደሪያ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ቢላዋና መክተፊያ አወረደች። ለካ እሷም ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ሥጋ አትቀምስም፤ ይኼ ቢላዋ የዚያ ቀን ነው፣ ሥጋ ነክቶት አያውቅም አለችኝ። ይኼን ሁሉ ጊዜ እዚያ ስበላ አላውቅም ነበር።

ለአማቴ ተረጎምኩላቸው። ዞር አሉ። ከአኩሪ አተር የተሠራውን ቶፉ፣ ካሮቱን፣ ቃሪያውን ስትደረድር ዓይናቸውን ከእጇ ላይ አልነቀሉም። ለማን ብላ እንደምትጾም ጠይቅልኝ አሉ። ለሞተች እናቷ ነው አለች።

እትዬ ሸዋረገድ አማተቡና በሉ። እየበሉ ሲሄዱ እጃቸው ረጋ፣ የፊታቸውም መልክ ተመለሰ። እኔ የአባቴ ልጅ፣ አልዋሽም፣ እንባዬ መጣ። ልንሄድ ስንነሳ ግን እሳቸው አልወጣም አሉ።

«ዋለልኝ፣ የእናቷን ስም ጠይቃት። እሑድ በስሟ ሻማ አበራላታለሁ።»

ለሌላ እምነት ሰው ሻማ ሲያበሩ ቄሱ ቢሰሙስ ልል ነበር፤ ዓይናቸውን አየሁና ተውኩት። ጠየቅኳት። እዚህ አገር ከመጣች ጀምሮ የእናቷን ስም የጠየቃት ሰው እንደሌለ ነገረችኝ።

«ሆአ» አለች፣ ቀስ ብላ።

እትዬ ሸዋረገድ እንዳይጠፋቸው ብለው ደጋገሙት። ሲሳሳቱ እያረመቻቸው፣ እሷም አብራቸው የእናቷን ስም ስትጠራ ቆየች።