ሊዲያ ያየችው ፊት

ሊዲያ ተገኘ የጨቅላ ሕፃናት ነርስ ሆና ሆሳዕና ስትመደብ ዶዮገና ያለ ዘመድ ሁሉ እሰይ አለ። አባቷ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸውና በጉባኤው ፊት አቁመው፣ “ጌታ ለሕፃናት ጠባቂ አደረጋት” ብለው አስመረቋት። እልልታው ከጆሮዋ ሳይጠፋ ሥራው አንገፈገፋት።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ሕፃናቱን ብርድ እንዳይመታቸው መስኮት አይከፈትም። ማሽኖቹ ያለፋታ ይጮኻሉ፤ ቤቷ ገብታ ስትተኛም ይሰሟታል። ከአውራ ጣቷ በማይበልጥ እጅ ላይ የደም ሥር ስትፈልግ ትንፋሿን ውጣ ነው።

አዲሎ ከተማ የገዛ አባቷን የጨርቅ ሱቅ የያዘችው የኮሌጅ ጓደኛዋ ሱምያ፣ “ነርስነቱን ትቼ አልሞትኩ፤ ነይ አብረን እንሥራ” ትላታለች። አንድ እሑድ ሄዳ አብራት ዋለች። ሱምያ ከደንበኛ ጋር እየተሳሳቀች ጨርቅ ስትለካ አይታ ቀናች፤ የራሷ ልብ ግን ሱቁ ውስጥ አልነበረም።

“በሽተኛ እኮ አልጠላሁም” አለቻት ስትሰናበታት። “የጠላሁት ያንን ክፍል ነው።”

“ታዲያ ክፍል ቀይሪያ!”

“እንደ አፍ ቢቀል!”

በዚያው ሳምንት የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ነርስ ነህምያ ረዳቱ ታማበት ሰው ሲለምን፣ ሊዲያ ለአንድ ቀን ተላከችለት። ከሰዓት በኋላ ናስረዲን የሚባል ነጋዴ ወጣት ሚስቱን ደግፎ አስገባ። ከወለደች ወዲህ አትበላም፣ አትናገርም አለ። ሊዲያ ቀና ብላ ስታያት አወቀቻት፤ ሃቢባ ናት፤ ከሆስፒታል በወጣችበት ቀን የሕፃናቱን ክፍል በር ይዛ ስታያት ነበር። ልጇ የሞተው ሊዲያ እጅ ላይ ነው። ያን ዕለት ሌላ ሕፃን ትንፋሽ አጥሮት ስለነበር፣ የሃቢባን ልጅ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ደጅ ለቆሙት የቤተሰቡ ወንዶች ሰጥታ ተመልሳ ሮጣለች።

ነህምያ ሃቢባን ቀስ እያለ ጠየቃት፤ እሷ ግን ዓይኗን ከወለሉ አላነሣችም። ሊዲያ ተነሥታ ከጎኗ ተቀመጠች።

“ሃቢባ፣ ታስታውሺኛለሽ?”

ሃቢባ ቀና ብላ፣ “አንቺ አይተሽዋል” አለች፤ ድምፅዋ ሻክሯል። “እኔ ኦፕራሲዮን ሆኜ ተኝቼ ነበር። ስነቃ ቀብረውታል። ማንን እንደሚመስል እንኳ አላውቅም።”

“ፀጉሩ ብዙ ነበር” አለች ሊዲያ። “እስከ ግንባሩ የወረደ፣ ጥቁር። የግራ ጆሮው ጫፍ ታጥፏል። ጣቴን ከያዘ አይለቅም ነበር።”

ሃቢባ ወደ ባሏ ዞረች። ናስረዲን ኮፍያውን አውልቆ የራሱን ጆሮ ነካ። “እንደኔ” አለ። ሁለቱም አለቀሱ።

በማግስቱ ሊዲያ የሕፃናት ክፍሉ ኃላፊ ወደሆኑት ሲስተር አባይነሽ ሄደች።

“ሲስተር፣ ነህምያ ጋር ያዛውሩኝ።”

“አንቺን? የደም ሥር የሚያገኝልኝ ሌላ ማን አለ?”

“እዚህ ታፈንኩ።”

“እኔስ የተነፈስኩ መሰለሽ?” ሲስተር አባይነሽ አልተቆጡም፤ ደክሟቸዋል። “ተተኪ ሲመጣ እናያለን።”

ተተኪ ከተጠየቀ ዓመት እንዳለፈው ሊዲያ ታውቃለች።

ያን ቀን አባቷ ሲደውሉ ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

“ከሕፃናት ወደ እብድ?” አሉ። “ጉባኤው ምን ይለኛል?”

“አባዬ፣ በየቀኑ እዚያ የምገባው እኔ እንጂ ጉባኤው አይደለም።”

እንዲህ መልሳላቸው አታውቅም። አባቷ ስልኩን ለእናቷ ሰጡ።

“በላሽ?” አለቻት እናቷ።

“በልቻለሁ።” አልበላችም።

ሊዲያ ዛሬም እዚያው ክፍል ናት። ለውጥ ካለ አንድ ነው፤ ሕፃን ሲሞት ከመጠቅለሏ በፊት እናቱን ትጠራለች። እናቲቱ መነሣት ካልቻለች ሊዲያ ራሷ ታቅፋ አልጋዋ ድረስ ትወስድላታለች። ሲስተር አባይነሽ መጀመሪያ ሥራ ይበድላል ብለው ነበር፤ አሁን ግን ትተዋታል። እናቶቹ እጇን ይዘው ይመርቋታል። “ለዚህ ክፍል የተፈጠርሽ ነሽ፤ ከዚህ አያንሣሽ” ይሏታል። ሊዲያም አንገቷን ደፍታ አሜን ትላለች፤ ምርቃቱ እንዳይደርስባት በልቧ እየለመነች።