ባለትዳሩ ቁም ሳጥን

ደወሉ ሲጮኽ እትዬ ዕንቁ ሌላ ለቅሶ ደራሽ መስሏቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ። በሩ ላይ የቆመው ግን ቦርሳና የእጅ ባትሪ የያዘ ጀርመናዊ ነበር። ከአቶ ገሰሰ ጋር ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ አለኝ አለ።

«ከሞተ ሦስት ቀኑ ነው» አለችው ኑኃሚን በጀርመንኛ። የፍሉግሃፈን፣ የአየር ማረፊያውን፣ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር የመጣች የጎረቤት ልጅ ናት።

ሰውየው ደንግጦ ሊመለስ ሲል ሐዘንተኛዋ መሠረት ከተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ቀና አለች። «ይግባ። ራሱ ገሰሰ ነው የቀጠረው። የድሮ ዕቃ አዋቂ ነው፤ የቁም ሳጥኑን አገር ሊነግረን ነው።»

«በስመአብ! ሬሳ ሳይቀበር ዕቃ ማስመርመር!» አሉ እትዬ ዕንቁ። ሹክሹክታ ነው እንዳይባል ሁሉም ሰማቸው፣ ጩኸት ነው እንዳይባል ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። እንዲህ ያለ ተሰጥኦ አላቸው።

ገሰሰ ቁም ሳጥኑን የገዛው የዓለም ዋንጫው እዚህ ጀርመን በተካሄደበት ዓመት፣ ሮደልሃይም ሰፈር ከሞተች አንዲት አሮጊት ቤት ነው። ከታች መሳቢያና እየተዘረጋ የሚጻፍበት ክዳን፣ ከላይ ሁለት በር አለው። ከጓደኛው ከዋሲሁን ጋር ተሸክሞ ኒድ ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቱ አወጣው። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ካፖርቱን ሳያወልቅ «በል እስቲ፣ ይሄ የት ተወለደ?» ይባላል። «ጣሊያን» ያለ አለቀለት። «ይሄ ሲሠራ ጣሊያን የሚባል አገር የት ነበርና! ሎምባርዲ በል! ከላይ እስከ ታች የሎምባርዲ ዋልነት እንጨት!»

አንድ ቀን መሠረት በሮቹን ስትወለውል የላይኛው እንጨት ከውስጥ ነጣ ብሎ አየችው። «ገሴ፣ ይሄኛው ከታችኛው ጋር አንድ አይመስልም» አለችው።

«አንቺ መጥረጊያሽን እወቂ» አላት እንግዶች ፊት። የቢሮ ጽዳት ነው ሥራዋ። ሰው ሳቀ፣ እሷም አብራ ሳቀች።

ስለ ጋብቻ ስታነሳም «ወረቀት ለጀርመን ነው፤ እኛ ምን ጎደለን?» ይላታል። አስራ ስድስት ዓመት እንዲሁ አለፈ። ሰባት ወር ሲታመም ያጠበችው፣ ያጎረሰችው እሷ ናት። ያ ክፉ ምላሱ ስንት ቀን አሳርሯታል፤ ግን ትወደው ነበር።

አሁን የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እዚሁ ፍራንክፈርት ይቀበርልኝ፣ እሁድ እሁድ እየሄድኩ ልየው። ዋሲሁን ግን አዲስ አበባ ካልተላከ ብሎ ድርቅ ብሏል። ዘመዶቹ እየጠበቁ ነው ይላል፤ የትኞቹ ዘመዶች ሲባል ስልኩን ይነካካል። አስከሬኑን የያዘው ድርጅት እስከ ነገ ወስኑ ብሏቸዋል።

ጀርመናዊው መሳቢያ እየሳበ፣ ባትሪ እያበራ ሩብ ሰዓት ተንበርክኮ ቆየ። በመጨረሻ ራሱን ነቀነቀ። «ቱት ሚር ላይድ፤ ኤር ኢስት ፈርሃይራተት።»

እትዬ ዕንቁ ሠላሳ ዓመት እዚህ ኖረው ጀርመንኛቸው ግማሽ ነው፤ ይህችን ፈርሃይራተት የምትል ቃል ግን ከስንቱ ፎርም ላይ ያውቋታል። ጭናቸውን መቱ። «ባለትዳር ነው አለ! ገሰሰ ባለትዳር ነው!»

ዋሲሁን ከወንበሩ ብድግ አለ። «ማን ነገረው? አበባ እሱም ዘንድ ደወለች እንዴ?»

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

«ኧረ ስለ ቁም ሳጥኑ ነው!» አለች ኑኃሚን። «ታችኛው የሎምባርዲ ነው፣ ላይኛው የሌላ አገር፣ የቬኔቶ። ላይኛው ተራ እንጨት ነው፣ ስስ ዋልነት ለብጠውት። የተለያየ ዕቃ እንዲህ ሲገጣጠም በነሱ ሙያ ተጋብቷል ነው የሚባለው!»

ማን ይስማት። ጀርመናዊው ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ቦርሳውን ዘግቶ ወጣ።

«አበባ ማናት?» አለች መሠረት።

ዋሲሁን ወለሉን አየ። «ሚስቱ ናት። ሁለት ልጆች አሏቸው። እፈታታለሁ፣ እፈታታለሁ እንዳለ ሞተ።»

«አንተ ታውቅ ነበር።»

«አስምሎኝ ነው፣ ምን ላድርግ?»

«አስራ ስድስት ዓመት ከማዕዴ እየበላህ!»

«ታዲያ እኛ ሦስት ቀን ሙሉ ማንን ስናጽናና ከረምን?» አሉ እትዬ ዕንቁ። አሁን ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግም አላስፈለጋቸው።

መሠረት ብታለቅስ ይቀላት ነበር። ቁጣው ቀደመ። ገሰሰ ለአስር ደቂቃ ብቻ ነፍስ ቢዘራ፣ የልቧን ነግራው ወደ መጣበት ትመልሰው ነበር። ሌላው ቀርቶ የላይኛው እንጨት ሌላ መሆኑን እንኳ እሷ ነበረች ቀድማ ያየችው።

«ደውልላት» አለችው ዋሲሁንን።

ደውሎ ስልኩን ሰጣት። የሴትዮዋ ድምፅ በለቅሶ ሰልሏል። «ሄሎ፣ ዋሲሁን?»

«ዋሲሁን አይደለም። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«አሜን። ማን ልበል?»

መሠረት ዞር ብላ ቤቱን አየች። ሁሉም አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

«ጎረቤቱ ነኝ።»

«እህቴ፣ በማርያም ንገሪኝ፣ ሲሞት አጠገቡ ሰው ነበር? ብቻውን ሞተ እያልኩ አንጀቴ አረረ።»

«ሰው ነበረ» አለች መሠረት። «እጁን ይዞት ነበር።»

«ተመስገን! ያንን ሰው እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ።»

«እላለሁ። ሬሳው ይላክልሻል፤ ነገ እንጨርሳለን።»

ስልኩን መለሰችና ከፍራሹ ተነሳች። ለቅሶ ደራሾቹ ወደተደረደሩበት ሄደች፤ በሩ አጠገብ አንድ ባዶ ወንበር ነበር፤ እንደ ጎረቤት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።