በአውራ ጣት የተነበበ ቁጥር

ሰው የሸሸገውን ሳይገለጥ የሚያውቅ፣ ሰው የሚዘገይበትንም ቀን ከዘመናት በፊት የቆጠረ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ይህም ነገር በእርሱ ዘንድ አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ እኛ ግን እንደ ሰው ልማድ የሰማነው ካለፈ በኋላ ነው።

በተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ስድስት ዓመት መዝጋቢ ሆነው ያገለገሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ስርዝ ወይም ፍቀት ያለበትን ወረቀት፣ ባለቤቱ እግራቸው ላይ ቢወድቅ እንኳ ስለማይቀበሉ ባልደረቦቻቸው «አባ ስርዝ» ይሏቸው ነበር። በስሙ አልተቆጡም፤ እንዲያውም እንደ ሹመት ቆጠሩት። ጡረታ በወጡ በአራተኛው ዓመት የዓይናቸው ብርሃን ጠፋ። የቀራቸው መካኒክ የሆነው አንድ ልጃቸውና በልጃቸው ጋራዥ ጥግ ሸራ ለብሳ አሥራ አራት ዓመት የቆመች አሮጌ መኪና ነበረች። ሟች ባለቤታቸውን ሙሽራ ሳለች ያመጡባት በዚያች ነው፤ ሊብሬዋንም የጻፉት በገዛ እጃቸው ነው።

አንድ ቀን ልጃቸውን ጠርተው እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ ሳልሞት እናትህ መቃብር ድረስ በእርሷ ውሰደኝ። ነገር ግን ተመርምራ፣ ታርጋዋ ሕጋዊ ሆኖ ነው፤ ተደብቄ መንገድ አልወጣም። ደግሞ የራሷ ሞተር ካልሆነ አልሳፈርባትም። የሞተሯን ቁጥር ሊብሬው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

መካኒኩ «እሺ አባዬ» አለ። ሞተሩ ግን ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ መሰሉን ፈልጎ አጣ። በመጨረሻ ያገኘው ከተጋጨ ፒክአፕ የወጣ፣ መጠኑ እጥፍ የሚሆን ሞተር ነበር። በሕጋዊ መንገድ፣ ከነጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ገዛው። ማቀፊያውን ቆርጦ በየደ፤ ራዲያተሩን ወደ ፊት ገፋው፤ ኮፈኑ አልገጥም ቢለው ከሥሩ ቀጥቅጦ ቦታ አበጀለት።

ከጎኑ የሚሠራው ባትሪ ጠጋኝ አይቶ ሳቀ። «አንተ ሰው፣ ለጥጃ የበሬ ልብ ነው እኮ የገጠምክላት!»

«ቀስ በል፤ ሽማግሌው እንዳይሰሙ።»

«ይስሙ እንጂ! ማን ይገድልሃል?»

መካኒኩ ወደ ሥራው ተመለሰ። አባቱ ዓይን ባይኖራቸውም ጣት እንዳላቸው ያውቃል፤ መጥተው ቁጥሩን መዳሰሳቸው አይቀርም። ስለዚህ ብቻውን ሲሆን በሞተሩ ላይ የነበረውን ቁጥር በሞረድ አጠፋ፤ በስፍራውም የአሮጌውን ቁጥር አንድ በአንድ በመዶሻ መታ። ሰባት አኃዝ፣ ሰባት ምት። ዲክላራሲዮኑን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ክፋት አላሰበም፤ አባቱን ለማስደሰት ብቻ ነበር።

ሽማግሌው መጡ። ኮፈኑ ተከፈተላቸው። አውራ ጣታቸውን በቁጥሩ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አሳለፉ፤ መልሰውም አሳለፉ፤ ሦስተኛው አኃዝ ላይ ቆዩ።

«አለ» አሉ፤ «ቁጥሩስ አለ።»

ሞተሩ ሲነሣ ግን ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። «ድምጿ ወፈረ እኮ!»

«አባዬ፣ ሲያረጁ ድምፅ ይጎረንን የለ?»

«የእኔስ ቀጠነ» አሉ።

በምርመራው ቀን ሽማግሌው «አብሬህ ካልሄድኩ» አሉ፤ የልጃቸውን እጅጌ ይዘው ገቡ። መርማሪው ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት በሥራቸው ያሠለጠኑት ጸሐፊ ነበር፤ አሁን እርሱም ሸብቷል። ዘሎ ተነሣ።

«ጋሼ! እርስዎ ነዎት? ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ነው የማየው።»

ኮፈኑን ከፍቶ አጎንብሶ ሳለ ግን ሳቁ መጣ። «ወንድሜ፣ ይኼ ሞተር ነው ወይስ ወፍጮ ቤት? ሊብሬው ላይ ያለው መጠን ግማሹም አይሆን።» ሳቁን ገታና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ችግር የለውም፤ ተለውጦ ከሆነ በለኝ። ዲክላራሲዮኑን ታመጣለህ፣ የሞተር ለውጥ ቅጽ ትሞላለህ፣ ፍሬኗ ይፈተሻል፤ ነገ ታርጋህን ትወስዳለህ። ተለውጧል?»

የምሕረት በር እንዲህ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ዲክላራሲዮኑ ከዚያ ግማሽ ሰዓት በማይርቅ መሳቢያ ውስጥ አለ። መካኒኩ አፉን ሊከፍት ሲል የአባቱ እጅ በእጅጌው ላይ ጠበቀበት።

«አልተለወጠም» አለ። «የራሷ ነው።»

መርማሪው ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ቁጥሩን በጨርቅ ጠርጎ አውራ ጣቱን አሳለፈበት።

«ጋሼ» አለ በመጨረሻ፣ «እኔን ምን ብለው ነበር ያስተማሩኝ?»

ሽማግሌው እንደ ተማሪ መለሱ። «ፋብሪካ በአንድ ረድፍ፣ በአንድ ልክ ይመታል፤ የሰው እጅ ግን አንዱን ያጠልቃል፣ አንዱን ያዘማል። ዓይን ይታለላል፤ አውራ ጣት አይታለልም።»

«አባዬ…»

«ተው ልጄ። ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። ሦስተኛው ዘምሟል።» ከዚያ ድምፁ ወደ መጣበት አቅጣጫ ዞሩና፣ በሠላሳ ስድስት ዓመት ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ቃል ተናገሩ። «እባክህ፣ ዛሬን እለፈን። ሩቅ አልሄድም፤ መቃብር ድረስ ነው።»

መርማሪው ጨርቁን አጣጥፎ ዘረጋ፤ መልሶ አጣጠፈ።

«ያቺን ባሏ የሞተባትን ሴት ያስታውሷታል? የባሏ ታክሲ። አንድ አኃዝ ብቻ ነበር የተሳሳተው፤ ያውም የጸሐፊ ስሕተት። አምስት ጊዜ መለሷት። እኔ ከጎንዎ ሆኜ ‹ይለፏት› ብዬ ብለምንዎ፣ ‹ዛሬ ለእንባ ያሳለፍከው ስርዝ ነገ ለሌባ በር ይሆናል› አሉኝ።»

«ብዬ ነበር።»

«እኔም ከዚያ ወዲህ አላሳለፍኩም፤ ጋሼ።»

መኪናዋ ተይዛ በግቢው ፀሐይ ላይ ቀረች፤ መካኒኩ ቃሉን ሰጥቶ ፈረመ። ወደ ቤት የተመለሱት በአውቶቡስ ነው፤ አንዲት ልጅ ለሽማግሌው ተነሣችላቸው፣ ልጃቸው ብረቱን ይዞ ከአጠገባቸው ቆመ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አሉት።

«አልሳፈርም ብለውኝ ነበር፤ ፈራሁዎት። እርስዎስ ካወቁ ለምን ዝም አሉኝ?»

ሽማግሌው የልጃቸውን እጅጌ ፈልገው ያዙ።

«ብናገር በቃሌ ልጸና ነው፤ ብጸና መሄዴ ይቀራል። መኪናዋ ታልፍልኝ እንደሆነ ብዬ ዝም አልኩ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ ለእኔ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር።»

ክሱ ሰባት ወር ፈጀ። ሽማግሌው ግን በሦስተኛው ወር ዐረፉ። ወደ ሚስታቸው መቃብር ሄዱ፤ በኪራይ መኪና፣ ተኝተው።

መካኒኩ ተቀጥቶ ጉዳዩ ሲዘጋ፣ ያን ዲክላራሲዮን ከመሳቢያው አውጥቶ አቀረበ፤ አንድ ቅጽ ሞላ፤ በማግስቱ ታርጋውን ሰጡት። ከሊብሬው ላይም ያ በጥንቃቄ የተጻፈ የአባቱ የእጅ ጽሕፈት በቀይ ቀለም ተሰርዞ፣ ከበላዩ እውነተኛው ቁጥር ተጽፎበት ነበር። መርማሪው ሊብሬውን ሲያስረክበው ቀና ብሎ አላየውም። መካኒኩም በዚያው ቀን መኪናዋን ወደ ጋራዡ ወስዶ ሸራዋን መልሶ አለበሳት።

እናንተ ግን ይህን የምታነቡ፣ ልጅ ለአባቱ እውነት ለመናገር የማይፈራበትን፣ አባትም ከቃሉ ይልቅ ልጁን የሚወድበትን ቤት እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ ደጃችሁን በሰላም ይክፈት፣ በሰላምም ይዝጋላችሁ። አሜን።