የቨርሊን የመጨረሻ ግፊ

ቨርሊን ስታውፈር ዕድሜውን የጨረሰው በኢንዲያና የአፈር መም ላይ ሚጅት ሲነዳ ነው። ሚጅት ከአልጋ ያነሰች፣ ከኮርማ የከፋች የውድድር መኪና ናት። ስለ እሱ የማወራውን ግማሹን እመኑ፤ የትኛውን ግማሽ እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ። አንድ ጊዜ ከፍጥነቱ የተነሳ ራሱን ከኋላ ደርሶበት ቀደመው። ዳኞቹ ተከራክረው ተከራክረው አንደኛም ሁለተኛም እሱ ነው አሉ። ያልሰበረው አጥንት የምላሱን ብቻ ነው፤ ምላስ አጥንት የለውማ። ምላሱንም ቢሆን ብዙ አይጠቀምበትም ነበር።

ሚጅት የሚያስነሳት ሞተሪኖ የላትም፣ ፍሪሲዮንም የላትም። የምትነሳው በግፊ ነው። ፒካፕ ከኋላ ተጠግቶ ካልገፋት ተራ ብረት ናት። ሌላው ነጂ ማንም ቢገፋው ግድ የለውም። ቨርሊንን ግን የምትገፋው ሚስቱ ዊልዳ ብቻ ነበረች፣ በቢጫዋ ፒካፕ። በሁለቱ መኪኖች መሃል እንቁላል ቢቀመጥ አይሰበርም ይባላል። ያልኩት እኔ ነኝ።

ዊልዳ በጸደይ ሞተች። በበጋው ማብቂያ፣ በአውራጃው ባዛር ቀን፣ ቨርሊን "ዛሬ ነድቼ አበቃለሁ" ብሎ ብቻውን መጣ። ቢጫዋን ፒካፕ ከሚጅቷ ኋላ አቆማት። ሚጅቷ ውስጥ ገባ፣ ሄልሜቱን አጠለቀ፣ እጁን ወደ ላይ አነሳ። ተዘጋጅቻለሁ ማለቱ ነው። ፒካፕዋ ውስጥ ግን ሰው የለም።

ሌሎቹ እየተገፉ፣ እየጮሁ ወጡ። የመሙ ፒካፕ ሲጠጋው በእጁ አባረረው።

"አንተ ሽማግሌ! ወይ ተገፋ ወይ ውጣ!" ብሎ ጮኸ ባንዲራ ያዡ ዶይል። "ሌሎቹ ሁለት ዙር እስኪዞሩ ነው የምጠብቅህ!"

ወደ ቨርሊን ሮጬ ሄድኩ። "ጋሼ፣ እኔ ልግፋህ። በዊልዳ ፒካፕ።"

"አንተ ቀልደኛ? ወዴት ልትገፋኝ ነው፣ የባዛሩ አሳማ በረት ውስጥ?"

"ዛሬ ቀልድ የለም።"

"ኪስህ ውስጥ ኦቾሎኒስ?"

እኛ መም ላይ ኦቾሎኒ ይዞ ከመግባት እባብ ይዞ መግባት ይሻላል፤ ገደ ቢስ ነው። ኪሴን ገለበጥኩለት። አንድ ምስማርና የተነከሰ ሳንድዊች ወደቀ።

ትንሽ አየኝ። "ቁልፉ እላይዋ ላይ ነው። ወንበሩን ወደ ኋላ እንዳታደርገው። እሷ እንዳስተካከለችው ይሁን።"

ዊልዳ አጭር ነበረች። ጉልበቴ አገጬን እየመታኝ ለስለስ አድርጌ ገፋሁት። ሞተሩ አሳለ፣ አሳለና አገሳ። ወጣ።

ስንተኛ ሆነ? እዚህ ላይ አልዋሽም፤ መጨረሻ። ውድድሩ አበቃ፣ ነጂዎቹ ወጡ፣ ልጆቻቸውና ሚስቶቻቸው እየሮጡ ተቀበሏቸው። ቨርሊን ግን አላቆመም። በባዶው መም ላይ ብቻውን ይዞራል።

"ምን ነካው? ባንዲራውን አላየውም እንዴ?" አለ ዶይል።

"አይቶታል" አልኩት።

"ታዲያ አይቆምም?"

"ከቆመ ማን ያስነሳዋል?"

ዶይል ባንዲራውን ጠቀለለና ቁጭ አለ። ያስቆመው የለም። አቧራው ከኋላው ይነሳል፣ ይተኛል፣ ደግሞ ይነሳል። በመጨረሻ ነዳጁ አለቀና ከወዲያኛው ኩርባ ላይ ጸጥ አለ።

ቢጫዋን ፒካፕ ነድቼ ከኋላው ተጠጋሁ። ዞሮ አላየኝም። እጁን ብቻ ወደ ላይ አነሳ።

ሞተሩ እንደማይነሳ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እንቁላል በማይሰብር አገፋፍ ቀስ ብዬ ገፋሁት።