ኮድ ሁለት

ሚጣ ከኬሚስትሪ ፈተና ወጣች። ደረጃው ላይ ተማሪው እንደ ልማዱ «ፕሮፌሰሩን» ከቦታል። ፕሮፌሰሩ ያው እንደነሱ ተማሪ ነው፤ ጉብዝናው ያወጣለት ስም ነው። ከፈተና በኋላ መልሱን ካልዘረገፈ ምሳ አይወርድለትም።

«አንደኛ ለ፣ ሁለተኛ መ፣ ሦስተኛ ሀ...»

እሷ ሐ ብላለች፣ ቀጥላ ሀ፣ ቀጥላ መ። እስከ መጨረሻው ብትሰማ ሊገጥምላት ነው? ጥላቸው ሄደች።

የኬሚስትሪ ውጤቷ በኤ፣ ቢ፣ ሲ ፊደል ተይዞ ብትወድቅ አማካይ ውጤቷ ተንዶ ከግቢ ትባረራለች። ዩኒቨርሲቲው ግን ለፈሪ በር ትቷል፤ አንድን ትምህርት «ፓስ-ፌል» ማስደረግ ይቻላል። ያኔ አለፈች ወይም ወደቀች ብቻ ይጻፋል፣ አማካዩም አይነካም። ችግሩ፣ ልትገባበት የምትመኘው ፋርማሲ ትምህርት ክፍል ኬሚስትሪን በፊደል ካልሆነ አይቀበልም። ምርጫው ደግሞ ዛሬ ያበቃል።

ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ጋ ደወለች።

«እህቴ፣ ብወድቅስ?»

«አንቺ? አትቀልጂ እባክሽ! ይልቅ የፋርማሲሽን ነጭ ጋዋን ሰፍቼ ጨረስኩ፤ እጅጌው ግን ረዘመ መሰለኝ።» የስፌት መኪናዋ ይንቀጫቀጫል።

ሚጣ ስልኩን ዘግታ፣ ኬሚስትሪን ፓስ-ፌል ልታስደርግ ወደ ሬጅስትራር ቢሮ ሄደች።

የሬጅስትራሩ ሠራተኛ በመነጽራቸው አናት አዩዋት። «ልጄ፣ አስበሽበታል? ማኅተም ካረፈበት መመለስ የለም።»

«አስቤበታለሁ ጋሼ።»

ውሸቷን ነው፤ ፈራች እንጂ መች አሰበች! ፈረመች፤ ማኅተሙ አረፈ።

ውጭ ፕሮፌሰሩ አገኛት። «ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ከመልሶችህ አንዱም ከኔ ጋር አይገጥምም።»

«ኮድሽ ስንት ነበር?»

ክው አለች። ተማሪ እንዳይኮራረጅ ፈተናው በሁለት ኮድ እንደሚታደል፣ ጥያቄው አንድ ሆኖ ተራው እንደሚዘበራረቅ ትናንት የገባ ተማሪ እንኳ ያውቀዋል። እሷም ታውቀዋለች።

«ሁለት» አለች።

«የኔ አንድ ነው እኮ!»

እየሮጠች ተመለሰች፤ ለመነች፣ አለቀሰች። ጋሼ አንጀታቸው ቢንሰፈሰፍም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ነግሬሽ ነበር እኮ ልጄ።»

ውጤት የወጣ ዕለት የኬሚስትሪ መምህሯ ኮሪደር ላይ አስቆሟት። «ከክፍሉ አንደኛ የወጣሽው አንቺ ነሽ። ምን ነክቶሽ ነው ፓስ-ፌል ያስደረግሽው?»

ይሄኔ ስልኳ ጠራ።

«እ? አለፍሽ?» አለች እህቷ።

«አለፍኩ።»

እልልታው ከስልኩ አልፎ ኮሪደሩን ሞላው። «እኔስ መች አጣሁት! በይ ነይና ጋዋንሽን ለኪው፤ እጅጌውን አሳጥሬልሻለሁ።»